ፓይለት መሆን ታስባላችሁ? መጀመሪያ ሐኪም ጋ

ብዙ ሰው ትምህርት ቤት ፈልጎ፣ ከፍሎ፣ ሐኪም ጋ የሚሄደው መጨረሻ ላይ ነው። ገልብጡት። ለትምህርት ቤት አንድ ብር ሳትከፍሉ «ክላስ ዋን» የሚባለውን የፓይለቶች የጤና ምርመራ አድርጉ። መስፈርቱ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ የኢካኦ ነው፤ አገሮች በዝርዝሩ ቢለያዩም መነሻቸው እሱ ነው።

ምርመራውን የሚሠራው ያገኛችሁት ሐኪም ሁሉ አይደለም። የአገሩ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የፈቀደላቸው አሉ። ደውላችሁ እነማን እንደሆኑ ጠይቁ። ቀጠሮ ስትይዙም በባዶ ሆድ ይመጣ እንደሆነ አጣሩ።

በዋዜማው ጭፈራ ቤት አትደሩ፤ ጆሮ እየጮኸ የመስማት ምርመራ አይሆንም። ጠዋትም ቡናውን እስከ በረካ አትጠጡ። ልብ እየደለቀ ግፊት ከሚለካ ይቅር።

መነጽር ያደረገ ፓይለት አይሆንም የሚባለው ወሬ ነው። በመነጽርም ቢሆን እያንዳንዱ ዓይን 6/9 (ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት)፣ ሁለቱ አብረው 6/6 (እንደ ጤነኛ ዓይን) ካዩ ይበቃል። ስትበሩ ግን ትርፍ መነጽር መያዝ ግዴታ ነው።

ሰው ሳያስበው የሚወድቀው ቀለም ላይ ነው። ሐኪሙ ኢሺሃራ የሚባል መጽሐፍ ይገልጣል። ገጹ ላይ በነጠብጣብ የተሞላ ክብ አለ፤ ነጠብጣቡ መሃል ቁጥር ተደብቋል። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው ሌላ ቁጥር ያነባል፣ ወይ ምንም አያይም። እስከዚያች ቀን ችግሩን የማያውቅ ሞልቷል። ቀልድ አይደለም፦ ለማረፍ ሲቃረቡ ከማኮብኮቢያው ጎን አራት መብራቶች ይታያሉ። ሁለት ነጭ ሁለት ቀይ ከሆኑ ከፍታው ልክ ነው። አራቱም ከቀሉ አውሮፕላኑ በጣም ዝቅ ብሏል። እዚህ የወደቀ ሁሉ ግን አበቃለት ማለት አይደለም፤ በባለቀለም መብራት የሚደረግ ሌላ ፈተና አለ።

ለጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ቀጭን ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር ቁልፍ ትጫናላችሁ። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ)፣ ግፊትና ሽንት ቶሎ ያልቃሉ።

ፎርሙ ላይ ግን አትዋሹ። የልጅነት አስም፣ የድሮ ቀዶ ሕክምና፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ጻፉት፤ ወረቀቱንም ይዛችሁ ሂዱ። ብዙው በማስረጃ ይታለፋል። የተደበቀ ነገር ኋላ ሲገኝ ነው ፈቃድ የሚያሳጣው።

ካለፋችሁ የምስክር ወረቀቱ ባብዛኛው 12 ወር ያገለግላል፤ ከ60 ዓመት በኋላ 6 ወር። የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።