መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ዘይት፦ ተፈጥሯዊ ፀጉርን በቤት ውስጥ እንዴት መንከባከብ ይቻላል?

ፀጉሬን በኬሚካል ማለስለስ ባቆምኩበት ሰሞን የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ጠርሙስ የጉሎ ዘይት ገዝቼ ከሥር እስከ ጫፍ መለቅለቅ ነበር። የጉሎ ዘይት ሲቀዳ እንደ ማር እየተሳበ ነው የሚወርደው። ከበዛ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም፤ አራት ጊዜ በሻምፑ ከታጠብኩ በኋላም ቅባቱ ትራሴ ላይ ይታተም ነበር። የገረመኝ ግን እሱ አይደለም። ያን ሁሉ ዘይት ጠጥቷል ያልኩት ፀጉር በጣቶቼ መካከል ሳሸው እንደ ድርቆሽ ይንኮሻኮሽ ነበር።

ስህተቴ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ፀጉርን የሚያለሰልሰው ውሃ ነው። የዘይት ሥራ ፀጉሩ የያዘው ውሃ ቶሎ እንዳይተን መከለልና ማበጠሪያው ሳይቧጥጥ እንዲያልፍ ማንሸራተት ነው። ደረቅ ፀጉር ላይ ዘይት ያፈሰሰ ሰው የሚከልለው ድርቀቱን ነው። ቀጥሎ ያለው አሠራር በሙሉ በዚህ ቅደም ተከተል ላይ የቆመ ነው።

ከሁሉ በፊት የራስ ቆዳን ማየት

ከቆዳ በላይ ያለው ፀጉር ሕይወት የለውም። ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ክር ሲሆን፣ ዙሪያውን እንደ ጣሪያ ክዳን የተደራረቡ ስስ ቅርፊቶች ይሸፍኑታል። ስለዚህ ፀጉርን "መመገብ" የሚባለው ነገር ለማስታወቂያ ያምር እንደሆነ እንጂ ትርጉም የለውም፤ የእኛ ድርሻ ክሩ እንዳይጎዳ መጠበቅ ነው። ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝ ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ በቀላሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ በተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን በየጥምዝምዙ እየተያዘ ጫፉ ጋ አይደርስም። ሥሩ ወዛም ሆኖ ሳለ ጫፉ የሚደርቀው ለዚህ ነው።

መስታወት ፊት ቆመው ፀጉርዎን በጣት እየከፈሉ የራስ ቆዳዎን ይመልከቱ። ቢጫ የሚመስል፣ ቅባት ያዘለ ቅርፊትና ማሳከክ ካለ ቆዳው ላይ ዘይት አይጨምሩ። ከእንዲህ ዓይነቱ ፎረፎር ጋር የሚያያዘው ማላሴዚያ የተባለ ፈንገስ የሚኖረው በቅባት ስለሆነ ዘይቱ ድግስ ይሆንለታል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ኬቶኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ሻምፑ ነው፤ ዘይቱን ለፀጉሩ ጫፍ ብቻ ያቆዩት። ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ፣ መግል፣ ሕመም ወይም ድንገት በብዛት መርገፍ ካዩ ደግሞ የሚያስፈልግዎ ዕፅ ሳይሆን የቆዳ ሐኪም ነው።

በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ ጤናማ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚያበጥር ሰው የሳምንቱን አንድ ላይ ስለሚያገኘው ማበጠሪያው ላይ የተጠቀለለውን አይቶ ሊደነግጥ አይገባም።

የትኛው ዘይት?

አንድ ብቻ ምረጡ ብባል የኮኮናት ዘይትን እመርጣለሁ። ሎሪክ የሚባለው ቅባቱ ትንሽና ቀጥ ያለ ቅርጽ ስላለው ወደ ፀጉሩ ክር ውስጥ ዘልቆ ይገባል። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍ አበባና የማዕድን ዘይትን አወዳድሮ ነበር፤ ፀጉር ሲታጠብ የሚያጣውን ፕሮቲን የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ ነው። ጥቅሙ ከመታጠብ በፊትም ሆነ በኋላ ሲቀቡት ታይቷል። ፀጉሩን እንደ ሽቦ የሚያደርቅባቸው ሰዎችም አሉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው ከጠነከረብዎ በወይራ ወይም በአቮካዶ ዘይት ይተኩት።

ጆጆባ በስም ዘይት ይባል እንጂ ፈሳሽ ሰም ነው፤ ከሰው ወዝ ጋር ስለሚቀራረብ ለስስ ፀጉርና ቶሎ ለሚወዛ የራስ ቆዳ ይስማማል። የጉሎ ዘይትን በተመለከተ ፀጉር ያሳድጋል የሚለው ወሬ ከማስረጃው በጣም ቀድሞ ሄዷል። ክሩን ወፍራም ሽፋን ስለሚያለብሰው ፀጉሩ የበዛ ይመስላል፤ ያም ቢሆን የሚናቅ ጥቅም አይደለም። አንድ እጅ ጉሎ ከሦስት እጅ ቀላል ዘይት ጋር ቀላቅሎ ጫፍ ላይ መቀባት ይበቃል። የጉሎን ፍሬ ግን በቤት ውስጥ ወቅጦ ዘይት ለማውጣት በፍጹም አይሞክሩ። ፍሬው ሪሲን የተባለ ገዳይ መርዝ አለው፤ በአግባቡ ተጨምቆና ተጣርቶ የተዘጋጀውን ይግዙ።

ሰባት ዓይነት ዘይት በአንድ ዕቃ የሚቀላቅሉ ሰዎችን አውቃለሁ። ፀጉራቸው ሲያምር የትኛው እንደጠቀመ፣ ሲያሳክካቸውም የትኛው እንደጎዳ አያውቁም።

ሮዝመሪን በዘይት መዘፍዘፍ

የጥብስ ቅጠል እያልን የምንጠራው ሮዝመሪ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። አንድ ሕግ አለው፤ ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ተሰባብሮ ዱቄት እስኪሆን የደረቀ መሆን አለበት። እርጥብ ቅጠል ውሃ ይዞ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ውሃ የገባበት ዘይት ይሻግታል፣ ባክቴሪያም ይራባበታል። ማሰሮው፣ ማንኪያው፣ ክዳኑ ሁሉ እንደዚያው ደረቅ ይሁን።

ግማሽ ኩባያ ደረቅ ቅጠል በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አድርገው አንድ ኩባያ የወይራ ወይም የኮኮናት ዘይት ያፍስሱበት። ድስት ውስጥ ጨርቅ አንጥፈው ማሰሮውን በላዩ ያስቀምጡና እስከ ወገቡ ድረስ ለብ ያለ ውሃ ይጨምሩ። በዝቅተኛ እሳት ለሁለት ሰዓት ያህል ያቆዩት። ውሃው መንፈር የለበትም፤ ከሥር ትንንሽ አረፋ ብቅ ጥልቅ ሲል በቂ ነው። ዘይቱን በቀጥታ እሳት ላይ ከጣዱት ግን ቅጠሉ ይጠበስና የሚወጣው ሽታ የምሳ እንጂ የፀጉር ቅባት አይሆንም። ሲበርድ በስስ ጨርቅ ያጥልሉ፣ ጨርቁን ጨምቀው የመጨረሻዋን ጠብታ ያውጡ፣ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ይገልብጡና ቀኑን ይጻፉበት። በሁለት ወር ውስጥ ይጨርሱት። ከሥሩ ደመና መሰል ነገር ከዘቀጠ ወይም የቆየ ቀለም ዓይነት ሽታ ካመጣ ሳያዝኑ ይድፉት።

ሮዝመሪ ፀጉር ያበቅላል ወይ? በ2015 የታተመ ጥናት በዘር በሚመጣ የፀጉር መሳሳት የተያዙ 100 ሰዎችን ለስድስት ወር ተከታትሎ ነበር። ግማሾቹ የሮዝመሪ ዘይት፣ ግማሾቹ ሚኖክሲዲል የተባለውን የፀጉር መሳሳት መድኃኒት በ2 በመቶ ጥንካሬ ተቀቡ። በሦስተኛው ወር በሁለቱም ወገን የሚወራለት ለውጥ አልታየም፤ በስድስተኛው ወር ግን የሁለቱም የፀጉር ብዛት ጨመረ። ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን አንድ ትንሽ ጥናት ነው፣ ምንም ያልተቀባ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም። በቤት የምንዘፈዝፈውም ለጥናት ከተዘጋጀው ጋር በጥንካሬ እኩል ነው ማለት አይቻልም።

በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ንጥር የሮዝመሪ ዘይት ሌላ ነገር ነው። እሱን ሳያቀጥኑ መቀባት ቆዳ ያቃጥላል። ለአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሦስት ጠብታ ይበቃል። መጀመሪያ ክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ፤ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩት።

ከመታጠብ በፊት መቀባት

ፀጉርዎን አራት ቦታ ከፍለው በጎማ ይያዙ። እያንዳንዱን ክፍል በመርጫ ጠርሙስ ውሃ ያርጥቡ፤ እንዲንጠባጠብ ሳይሆን በመዳፍ ሲጨብጡት ቅዝቃዜው እስኪሰማ ብቻ። ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በኩባያ አድርገው ኩባያውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ያሳርፉት። የእጅ አንጓ ላይ ሲያንጠባጥቡት ለብ ካለ ደርሷል።

ከዚያ በጣት ጫፍ፣ ጥፍር ሳያስነኩ፣ የራስ ቆዳዎን ለአምስት ደቂቃ ያሹ። ጣቶችዎ ቆዳው ላይ መንሸራተት ሳይሆን ቆዳውን ራሱን ማንቀሳቀስ አለባቸው፤ ልዩነቱ ሲሞክሩት ይገባዎታል። የቀረውን ዘይት ወደ ጫፍ ያውርዱ። ፀጉሩ ዘይት እንደጠገበ ቋጠሮ ለመፍታት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፦ ከጫፍ ይጀምሩ፣ ጥርሱ በተራራቀ ማበጠሪያ ጥቂት ጥቂት እየፈቱ ወደ ሥር ይውጡ። ከሥር ጀምሮ ወደ ታች የሚያበጥር ሰው ቋጠሮዎቹን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ትልቅ ቋጠሮ ያደርጋቸዋል።

በፕላስቲክ ቆብ ሸፍነው ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይቆዩ። ማሳደር ግዴታ አይደለም፤ ግንባራቸው ላይ ብጉር የሚወጣባቸው ሰዎችማ ባያሳድሩት ይመረጣል።

ማጠብ

ዘይቱ ከከበደ ውሃ ከማፍሰስዎ በፊት ኮንዲሽነር ቀብተው ያሹት፤ ቅባቱን ይዞ ይወጣል። ሻምፑው ለራስ ቆዳ ብቻ ነው፤ ወደ ታች የሚወርደው አረፋ ለጫፉ ይበቃዋል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። በፎጣ ከመፈተግ ይልቅ በአሮጌ የጥጥ ቲሸርት ተጭኖ ማድረቅ ይሻላል።

አብሽ፣ እሬት፣ ተልባ

አብሽ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፍሬ በአንድ ኩባያ ውሃ ይደርና ጠዋት ይፈጫል። በጨርቅ መጥለሉን ግን እንዳይዘሉት። እኔ ቸኩዬ ሳላጠልለው ቀብቼ ለሦስት ቀን ከፀጉሬ ውስጥ ቅንጣት ስለቅም ሰንብቻለሁ። ከጨርቁ የሚወጣውን ሙልጭልጭ ያለ ፈሳሽ በታጠበ እርጥብ ፀጉር ላይ ለ20 ደቂቃ አቆይተው ደጋግመው ያለቅልቁት፤ ሽታው ግትር ነው። ኦቾሎኒ ወይም ሽምብራ የማይስማማው ሰው አብሽም ላይስማማው ይችላል፤ የአንድ ቤተሰብ ጥራጥሬዎች ናቸው።

የእሬት ቅጠል ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል። ቅጠሉን የተቆረጠውን ጎን ወደ ታች አድርገው 15 ደቂቃ ያቁሙትና ይውጣለት፤ ከዚያ ልጠው ጥርት ያለውን ውስጡን ይፍጩና ያጥልሉ።

ከሦስቱ እኔ የማልተወው ተልባን ነው። ሩብ ኩባያ ተልባ በሁለት ኩባያ ውሃ ጥደው ያማስሉ። መጀመሪያ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ሰባት ስምንት ደቂቃ ሲሆነው ነጭ አረፋ ይነሳል፣ ፈሳሹም ከማንኪያው ላይ እንደ እንቁላል ነጭ በክር ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ ወዲያው አውርደው በትኩሱ ያጥልሉት፤ ከበረደ ከፍሬው ጋር ይጣበቅና ጨርቁን አልፎ አይወጣም። ይህ ጄል እርጥብ ፀጉር ላይ ሲቀባ ጥቅሉን በቅርጹ ይይዘዋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ በውሃ የተሠራ ማንኛውም የዕፅ ውህድ ከዚያ በላይ አይታመንም።

ሂና የሚጠቀም ሰው ንጹሕ ሂና የሚሰጠው ቀለም ብርቱካናማ ቀይ ብቻ መሆኑን ይወቅ። "ጥቁር ሂና" የሚባለው ብዙ ጊዜ ከባድ አለርጂ የሚያስነሳ ኬሚካል የተጨመረበት ነው። ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ይቅሩ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በሚበረታበት የፒኤች መለኪያ የራስ ቆዳ 5.5 አካባቢ ሲሆን ሎሚ ወደ 2 ይወርዳል፣ ሶዳው ከ8 በላይ ይወጣል።

መቆለፍና ማሳደር

ፀጉሩ ገና እርጥብ ሳለ የማይታጠብ ኮንዲሽነር ወይም የተልባውን ጄል ይቀቡ። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በመዳፍዎ አሽተው በተለይ ጫፉን ይንኩ። ዘይቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ውሃው ከገባ በኋላ። ወፈር ወፈር አድርገው ላላ ያለ ሹሩባ ይሥሩትና በሳቲን ሻሽ ይሸፍኑት፤ የጥጥ ትራስ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ክሩንም ይፈትጋል። ሹሩባው ካመመ ወይም በግንባር ዳር ትንንሽ ብጉር ካወጣ ጠብቋልና ይፍቱት፤ ለዓመታት የተጎተተ ሥር ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። በሳምንቱ አጋማሽ መዳፍን በውሃ ነክሮ ጫፉን ማርጠብና ጥቂት ዘይት መድገም ይበቃል።

ፀጉር በወር የሚያድገው ከ1 ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። "ፀጉሬ አላድግ አለ" የሚሉ አብዛኞቹ ሰዎች ፀጉራቸው እያደገ ነው፤ ያደገውን ያህል ግን ከጫፉ እየተሰበረ ይሄዳል። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን አንድ ክር ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉት። ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ካለው ከሥሩ ረግፏል፣ ጊዜው ደርሶ ነው። አጭር ሆኖ ነጥብ ከሌለው ተሰብሯል፤ ያን ጊዜ አበጣጠርዎንና የጫፉን እርጥበት ይመርምሩ። ለሁለት የተሰነጠቀ ጫፍን ደግሞ የትኛውም ዘይት አይሰፋውም። ስል የፀጉር መቀስ ወስደው ከስንጥቁ ግማሽ ሴንቲሜትር ከፍ ብለው ይቁረጡት።