የኮምፒውተር ኬዝ (ማቀፊያ ሳጥን) በቤት ዕቃ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የእኔ ኮምፒውተር የሚኖረው በተሰነጠቀ የቢራ ሳጥን ውስጥ ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ በርካሽ ገዝቼው፣ የጠርሙስ መለያያውን በሴጌቶ ቆርጬ አወጣሁለት። ከእሱ በፊት ግን አንድ የብስኩት ቆርቆሮና አንድ የጫማ ካርቶን አበላሽቻለሁ። እናንተ አትድገሙት።

ወለሉን ብቻ ለክቶ መቁረጥ። ማዘርቦርድ፣ ማለትም ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ቦርድ፣ መጠኑ ይለያያል፦ ኤቲኤክስ የሚባለው 30.5 በ24.4 ሳንቲሜትር ነው፤ ማይክሮ ኤቲኤክስ 24.4 በ24.4፤ ሚኒ አይቲኤክስ 17 በ17። ቁመቱን ግን ማንም አያስበውም። የብስኩት ቆርቆሮዬ ቦርዱን ልክክ አድርጎ ያዘው፤ የሲፒዩው (የዋናው ማስሊያ ቺፕ) ማቀዝቀዣ ፋን ግን ክዳን አላስገጥም አለ። ኬብል የሚታጠፍበት ቦታም ይፈልጋል።

ቦርዱን ብረት ላይ ማስተኛት። ከጀርባው ያሉት የብየዳ ነጥቦች ብረት ከነኩ ሾርት ያደርጋል። ያለቀ የእስክሪብቶ ቀፎ 7 ሚሊሜትር ያህል እያደረጋችሁ በምላጭ ቁረጡና ብሎኑን በመሀሉ አሳልፉ። ቁርጥራጮቹ እኩል ይሁኑ፤ አንዱ ከረዘመ ቦርዱ ይጎብጣል። ቦርዱ የመጣበትን ብርማ ላስቲክ ከሥር የሚያነጥፉም አሉ። ላስቲኩ ራሱ ኮረንቲ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ይቅርባችሁ።

የአምፖል ማብሪያ መግጠም። ይሄን ሳስታውስ እስካሁን እስቃለሁ። ግድግዳ ላይ የሚገጠመውን ማብሪያ ማጥፊያ በማዘርቦርዱ የማስነሻ ፒኖች ላይ ቀጠልኩት። ቀጭ! ፋኑ ዞረ። አራት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ድርግም። ወደ ጎረቤት ወጣሁ።

«እማማ፣ መብራት ሄደ እንዴ?»

«ኧረ የኛ አለ የኔ ልጅ።»

ለካ ቦርዱ የሚፈልገው ለአፍታ ተነክቶ የሚለቀቅ ቁልፍ ነው። ተጭኖ ከቀረ በግድ አጥፋ እንደተባለ ይቆጥረዋል። የበር ደወል መጥሪያ ተጭኖ ይመለሳል፤ ልክክ ይላል።

አየር መንፈግ። አገሩ ቀዝቃዛ ነው ብለን እንዘናጋለን። ጎንደር ግን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል። ቀዝቃዛው ከታች ይግባ፣ ትኩሱ ከላይ ይውጣ። ፋን ገልብጦ መግጠምም ያጋጥማል፤ ሞተሩን የያዙት ክንዶች ያሉበት ጎን አብዛኛውን ጊዜ አየሩ የሚወጣበት ነው። በበጋ አቧራው አይጣል ነው። መግቢያው ላይ የትንኝ ወንፊት ለጥፉና አሥሬ አራግፉት።

ፓወር ሰፕላይ መፍታት። የሶኬቱን ኮረንቲ ለኮምፒውተሩ አመጣጥኖ የሚሰጠው ሳጥን ነው፤ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ከሽፋኑ የሚያወጣው ሰው አለ። በጭራሽ! የሚገባበት 220 ቮልት ነው፤ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ኮረንቲ ይዘው ይቆያሉ። ኬዙ ብረት ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን ከብረቱ ጋር በብሎን እሰሩትና ኤርዝ (የመሬት ሽቦ) ያለው ሶኬት ላይ ሰኩት። ኤርዝ ከሌለው ቆርቆሮው ራሱ ሊነዝራችሁ ይችላል።

ቦርዱ ገብቶ መብሳት። የረሳችሁት ቀዳዳ ካለ መጀመሪያ ሁሉንም አውጡ። ቦርዱን ሾርት ለማድረግ አንዲት የብረት ብናኝ ትበቃለች።

ከላይ ክፍት ከተዋችሁት ደግሞ ድመት አስቡ። የእኛዋ ክረምት ሲገባ ትኩሱ አየር የሚወጣበት ላይ ትተኛ ነበር፤ ፀጉሯን ከፋኑ በፒንሳ ስለቅም ነው ያመሸሁት። አሁን የሽቦ ወንፊት ከድኜበታለሁ። እሷም ወንፊቱ ላይ ተኝታለች።