ኮንሰርቲና ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ቅኝት ምረጡ

ብዙ ሰው ኮንሰርቲና ሲመርጥ የሚያየው ማማሯን ነው። ቀይ ወናፍ፣ የሚያብረቀርቅ ጎን፣ አለቀ። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ምን ልትጫወቱባት እንደፈለጋችሁ ወስኑ። ትዝታ ነው? አምባሰል? አንቺሆዬ? ስንት ቁልፍ እንደሚያስፈልጋችሁና ስንት ብር እንደምታወጡ የሚወስነው ይሄ ነው።

ለማታውቋት፣ ኮንሰርቲና በሁለት እጅ መሀል የምትያዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ጎን ያላት ትንሽ መሣሪያ ናት። መሀሏ ወናፍ ነው። ወናፉን ስትገፉና ስትስቡ አየሩ ውስጧ ያሉትን ስስ የብረት ምላሶች (ሪድ ይባላሉ) ያርገበግባቸዋል፣ ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ነው። አዳማ ላይ ይዛችሁ ብትወጡ "ትንሿ አኮርዲዮን" የሚላት አይጠፋም። አትከራከሩ። ልዩነት ግን አላቸው፦ በተለመደው አኮርዲዮን ግራ እጅ ላይ አንድ ቁልፍ ስትነኩ የተዘጋጀ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ይዞላችሁ ይመጣል፣ ኮንሰርቲና ላይ አንድ ቁልፍ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ኮርድ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ለኛ ዜማ ይሄ ይመቻል። አምባሰልን በሜጀር ኮርድ ሲያጅቡት ለዛው እንዴት እንደሚጠፋ የሰማ ይረዳኛል።

ዓይነቷ ብዙ ነው፣ ዋናዎቹ ግን ሦስት ናቸው። ኢንግሊሽ የምትባለው የእንግሊዛዊው የቻርልስ ዊትስቶን ሥራ ናት። የተለመደችው 48 ቁልፍ አላት፣ ብትገፉም ብትስቡም አንድ ቁልፍ ያው አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ ዜማው ግን ከግራ ወደ ቀኝ እጅ እየተቀባበለ ስለሚሄድ ጭንቅላት ይፈልጋል። አንግሎ የምትባለው መነሻዋ ጀርመን ነው፣ ካርል ፍሪድሪክ ኡሊግ ኬምኒትስ ከተማ ውስጥ በ1834 እ.ኤ.አ. ከሠራት መሣሪያ ነው የመጣችው። እሷ እንደ ሃርሞኒካ ናት፦ ስትገፉ አንድ ድምፅ፣ ስትስቡ ሌላ። ሦስተኛዋ ዱየት ናት፣ ወፍራሙ ድምፅ በግራ፣ ቀጭኑ በቀኝ። እሷን ለጀማሪ አልመክርም፣ እንለፋት።

ለጀማሪ አንግሎ በቂ ናት። ጥያቄው 20 ቁልፍ ወይስ 30 ነው።

ባለ 20ዋ ሁለት ረድፍ አላት። የተለመደችው አንዱ ረድፍ በዶ፣ ሌላው በሶል የተቃኘ ነው፣ ሻጮች በእንግሊዝኛ ፊደል ሲ-ጂ (C/G) ይሏታል። ሰባቱ ዋና ድምፆች አሉ፣ ከነሱ ሌላ ፋ ሻርፕ (ከፋ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው) ብቻ ትጨምራለች። አሁን ቅኝቶቹን እንያቸው። ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፣ አለ። ያንኑ አምስት ድምፅ ከላ ጀምራችሁ ላ ዶ ሬ ሚ ሶል ካላችሁ ባቲ ማይነር ሆነ። ባቲ ሜጀር ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ነው፣ እሱም አለ። ትዝታ ማይነር ከላ ተነስታችሁ ላ ሲ ዶ ሚ ፋ። አምባሰል ከሚ ተነስታችሁ ሚ ፋ ላ ሲ ዶ። አንቺሆዬ ላይ ስትደርሱ ግን እምቢ ትላለች። ከሲ ተነስታችሁ ሲ ዶ ሚ ፋ ድረስ በሰላም ትሄዳላችሁ፣ አምስተኛው ሶል ሻርፕ ነው፣ እሱ ደግሞ ባለ 20ዋ ላይ የለም። ከሌላ ድምፅ ብትነሱም ያው ነው፣ ፒያኖ ላይ ጥቁር ከሆኑት አንዱ መጉደሉ አይቀርም። ባለ 30ዋ ሦስተኛ ረድፍ ስላላት የጎደሉትን ይዛ ትመጣለች።

ስለዚህ ትዝታና ባቲ እያላችሁ ቤት ውስጥ ለመጫወት ከሆነ 20 ይበቃል፣ ትርፍ ብር አታውጡ። አንቺሆዬ የምትወዱ ከሆነ፣ ወይም "ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርግልኝ" የሚል ዘፋኝ ልታጅቡ ካሰባችሁ፣ ትንሽ ጠብቃችሁ ባለ 30 ግዙ። ባለ 20ዋ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አትልም፣ ልመናም አትሰማም።

ከውጭ በዘመድ የምታስመጡ ከሆነ ሻጩን ቪዲዮ ጠይቁት፣ እያንዳንዱን ቁልፍ እየገፋና እየሳበ ያሰማችሁ። አዳማ ላይ ያገለገለች ካገኛችሁ ደግሞ ፍራንኮ አካባቢ ካፌ ተቀምጣችሁ አትዋዋሉ። ጸጥ ያለ ቤት ውሰዷት። መጀመሪያ ምንም ቁልፍ ሳትነኩ በአንዱ እጅ ማሰሪያ አንጠልጥሏትና ሌላው ጎን በክብደቱ ይውረድ። ቀስ እያለ ከወረደ ጥሩ ነው። ዘጭ ካለ አየር ታስወጣለች። ቀጥሎ ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ በሁለቱም አቅጣጫ። ባለ 30ዋ 60 ድምፅ አላት ማለት ነው፣ "ይሄ ይበቃል" ብላችሁ መሀል ላይ አታቁሙ። ዘግይቶ የሚነሳ፣ የሚንጫጫ ወይም ሳትነኩት የሚጮኽ አለ? ተጭናችሁ ስትለቁት የማይመለስ ቁልፍስ? የወናፉን እጥፋቶች ማዕዘን ብርሃን ላይ እዩ፣ ብዙውን ጊዜ ቀዳዳ የሚጀምረው እዚያ ነው። አሽትቷትም። የሻጋታ ሽታ ካላት ውስጧ እርጥበት ገብቶ ነበር፣ ብረቱም ዝጎ ሊሆን ይችላል። መጨረሻ ላይ ስልካችሁ ላይ የቲዩነር (ቅኝት የሚለካ) አፕ አውርዱና ላ 440 ሄርዝ ላይ መሆኑን አረጋግጡ፣ በጣም አሮጌ የእንግሊዝ መሣሪያዎች ከዚያ ከፍ ብለው የተቃኙ አሉ። ከኪቦርድ ጋር ስትገናኙ ያሳፍሯችኋል።

መጫወቱ ጋ እንምጣ። ቁጭ በሉ። የአንዱን ጎን እንጨት ጭናችሁ ላይ አሳርፉ፣ ወናፉ ግን ጂንሳችሁን እየፈገፈገ እንዳይሄድ፣ ቶሎ ይበላል። በቀኝ አውራ ጣታችሁ በኩል የአየር ቁልፍ አለች፣ ድምፅ ሳታወጡ ወናፉን የምትከፍቱትም የምትዘጉትም በሷ ነው። ሳትነኳት በጉልበት አትሳቡ።

የዶ ረድፍ ባለ 20ዋ ላይ ከመዳፋችሁ የራቀው ነው፣ ባለ 30ዋ ላይ መሀለኛው። በግራ እጅ፣ ከትንሿ ጣት በኩል ቁጠሩ። ሦስተኛውን ቁልፍ ተጭናችሁ ግፉ፣ ዶ ነው። ሳትለቁት ሳቡ፣ ሬ ሆነ። አራተኛውን ግፉ፣ ሚ። አምስተኛውን ግፉ፣ ሶል፤ ሳቡት፣ ላ። ከዚያ በቀኝ እጅ፣ በአመልካች ጣት በኩል ያለውን የመጀመሪያውን ግፉ፣ የላይኛው ዶ። ትዝታ ያዛችሁ። አምባሰል ደግሞ ከዚህም ትቀላለች፣ ሦስት ቁልፍ ብቻ ናት፦ የግራውን አራተኛ ግፉ ሚ፣ ሳቡ ፋ፣ አምስተኛውን ሳቡ ላ፣ የቀኙን የመጀመሪያ ሳቡ ሲ፣ ግፉት ዶ። እዚህ ሦስቱ መሀለኛ ድምፆች በመሳብ ስለሚመጡ ከመነሳታችሁ በፊት ወናፉን ብዙ አትክፈቱት፣ መሳቢያ ቦታ ያልቅባችኋል።

እንደ ማሲንቆ ድምፅ መጎተት አይቻልም። የብረቱ ምላስ አንዴ ተሠርቷል። በዚህ ፈንታ ከዋናው ድምፅ በፊት ጎረቤቱን በጣም አጭር አድርጋችሁ ንኩት፣ ከጆሮ የሚርቅ አይደለም። ችክችካ ስትመቱ ደግሞ የወናፉ መገልበጥ ራሱ ምቱን ያጠነክረዋል፣ አንግሎን የምወዳት በዚህ ነው። ከክራር ጋር ስትጫወቱ የሚቃኘው ክራሩ ነው፣ ማሲንቆውም እንደዚያው። ክራር ተጫዋቹ ቢያጉረመርም ታገሱት፣ እናንተ ግን ንቅንቅ ማለት አትችሉም።

አሁን ጥገና። የአዳማ ነፋስ ለኃይል ማመንጫዎቹ ተርባይኖች እንጀራቸው ነው፣ ለኮንሰርቲና ግን ጠላት ነው፣ ምክንያቱም አቧራውን ይዞ ይመጣል፣ ወናፉ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ ውስጥ ይስባል። ነፋስ ባለበት ቀን ደጅ አትጫወቱ። ከጨረሳችሁ በኋላ ክፍት ጠረጴዛ ላይ አትተዋት፣ ሳጥኗ ውስጥ ወናፏ ተዘግቶ ትቀመጥ። አቀማመጧም ስትጫወቱ እንደምትይዟት ቢሆን ይሻላል፣ ቁልፎቹ ወደ ግራና ቀኝ ዞረው። በአንዱ ጎኗ ካቆማችኋት ውስጥ ያሉት ስስ የቆዳ ክዳኖች በጊዜ ብዛት ይንጋደዳሉ።

ሙቀቱ ከአቧራው ይብሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ መስኮት ላይ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ፣ በፍጹም። አንዳንዶቹ ርካሽ ኮንሰርቲናዎች እንደ አኮርዲዮን ምላሶቻቸው በሰም የተያዙ ናቸው፣ ሰሙ ሲለሰልስ ምላሱ ከቦታው ይንሸራተታል። ሰም የሌላቸው ጥሩዎቹም አይተርፉም፣ እንጨቱ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተርና መንጫጫት ይጀምራሉ።

አንድ ድምፅ በድንገት ዝም ካለ አትደንግጡ። አብዛኛውን ጊዜ ምላሱ ስር ብናኝ ገብቶ ነው። ቁልፉን ተጭናችሁ ወናፉን ፈጠን አድርጋችሁ ገፋ ሳብ አድርጉ፣ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ካልወጣ ጎኗን መክፈት ነው። ዙሪያዋን ያሉትን ብሎኖች አንዱን ጨርሳችሁ አትፍቱ፣ ሁሉንም ጥቂት ጥቂት እያዞራችሁ አላሏቸው። እያንዳንዱ ከየት ቀዳዳ እንደወጣ ለማወቅ ካርቶን ላይ ሥዕሏን ሥላችሁ በየቦታቸው ሰኳቸው። ምላሱ ስር ቀጭን ወረቀት በቀስታ አሳልፉ። በጣት አትንኩት፣ የእጅ ላብ ያዝገዋል። ዘይት፣ ደብልዩ ዲ 40፣ ውሃ፣ የጋራዥ ኮምፕረሰር፣ አንዱም አይጠጋም። አየር የሚያስወጣው የቁልፉን ቀዳዳ የሚደፍነው ቆዳ ወይም የጠርዙ ቆዳ አልቆ ከሆነ ለጓንት የሚሆን ስስ የበግ ቆዳ ፈልጉ፣ እሱ እንኳን አገራችን ሞልቷል።

ቅኝቷ ከተዛባ ግን ሞረድ አታንሱ። ጫፉ ሲሞረድ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሥሩ ሲሞረድ ይወፍራል፣ ይሄን ያህል ቀላል ነው፣ የተቆረጠ ብረት ግን አይመለስም። የሠራ ሰው እስክታገኙ ያንን ድምፅ ዝለሉት። ስትዘጓትም ብሎኖቹን በዙር አጥብቁ፣ ሲያዝ አቁሙ። ከእንጨት ጋር ጉልበት አይሞከርም፣ ክረምት ሲገባ እንጨቱ ያብጣል፣ በጋ ሲመለስ ይላላል፣ ያኔ እንደገና ዞር ብላችሁ ታዩዋቸዋላችሁ።