የድሮ ሸክላ ማጫወቻ፣ ባለ አምፖል ሬዲዮና ስፒከር ከባህር ዳር ሳይሰበር እንዴት እንደሚላክ

ከአምስት ዓመት በፊት የአባቴን ሸክላ ማጫወቻ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ በአውቶብስ ላኩላት። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ትልቅ ካርቶን ውስጥ አስገብቼ ዙሪያውን በስኮች አስሬ፣ በላዩም በትልቁ "ተሰባሪ" ብዬ ጽፌበት ነበር። ሲደርስ ካርቶኑ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። እህቴ ከፍታው ፎቶ ስትልክልኝ ግን ሸክላው ሚቀመጥበት ከባዱ ሳህን ከቦታው ወጥቶ መርፌዋን ሚይዘውን ክንድ ከስሩ ገንጥሎታል፣ መርፌዋ የለችም፣ ክዳኑ ለሁለት ተሰንጥቋል። ያን ቀን ነው የገባኝ። የድሮ የድምጽ እቃን ብዙ ጊዜ ሚሰብረው ከውጭ የመጣ ምት ሳይሆን የራሱ ከባድ ክፍል ነው። ሳህኑ፣ ትራንስፎርመሩ፣ የስፒከሩ ማግኔት፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር አብረው ይዘሉና አጠገባቸው ያለውን ስስ ነገር ይመታሉ። ስለዚ ስራው ካርቶን ማጠንከር ብቻ አይደለም፣ ከባዱን ከስሱ መለየትና ሚንቀሳቀሰውን ነገር ሁሉ ማሰር ነው።

መንገዱን አስቡት። ከባህር ዳር በዳንግላ፣ በቡሬ፣ በደብረ ማርቆስ አድርጎ አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደጀንን አልፎ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄድና ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሃ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ እቃው በሙሉ ክብደቱ ወደፊት ይገፋል፣ ዳገቱ ላይ ወደኋላ፣ ኩርባው ላይ ደግሞ ወደ ጎን። ከስር ብቻ ስፖንጅ አንጥፎ መላክ ለዚህ ነው ማይበቃው፣ ከስድስቱም ጎን መያዝ አለበት።

መጠቅለያውን ለማግኘት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ሶፋ ሰሪዎች ጋ ሂዱና ቁርጥራጭ ስፖንጅ ጠይቁ፣ እኔ ሽምብጥ አካባቢ ካለ አንድ ቤት ማዳበሪያ ሙሉ በጥቂት ብር ነው ያገኘሁት። ጠንከር ያለውን ምረጡ፣ በእጃችሁ ስትጫኑት ወዲያው ተጣብቆ ሚቀረው ለከባድ እቃ አይሆንም። ካርቶን ከኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ይገኛል፣ የቲቪ ካርቶን ከሆነ ውስጡ ያለውን ነጩን ፎም ጭምር ውሰዱት። ጋዜጣ ለብቻው አይበቃም፣ በመንገድ ላይ ተጨፍልቆ ክፍተት ይፈጥራል፣ ቀለሙም እንጨት ላይ ይለቃል። ጭድ በጭራሽ አይሆንም፣ አቧራው አንዴ የድምጽ መቆጣጠሪያው ውስጥ ከገባ ሬዲዮው እድሜውን ሙሉ ሲንኮሻኮሽ ይኖራል። አንድ ጓደኛዬ ደሞ ደንገል ለምን አንጠቀምም፣ ቀላል ነው፣ ጣና ዳር ሞልቷል አለኝ። ሃሳቡን ወድጄው ነበር ግን ደንገል እርጥበት ይስባል፣ ታንኳው ራሱ እኮ ውሃ እየጠጣ እየከበደ ነው ሚያረጀው፣ ስለዚ ተውኩት።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት እቃውን ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሱት፣ ሽቦዎቹ የት እንደሚገቡ፣ ብሎኖቹ የት እንደነበሩ። ተቀባዩ መልሶ ሲገጥም ያ ፎቶ ነው ሚያግዘው።

አሁን ሸክላ ማጫወቻው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ መርፌዋ ሽፋን ካላት አልብሷት፣ ከዛ መርፌዋ ያለችበት የክንዱ ጫፍ ሚነቀል ዓይነት ከሆነ ንቀሉትና በጥጥ ጠቅልላችሁ ትንሽ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ ክተቱት። ከክንዱ ጀርባ ያለውን ክብ ማመጣጠኛ ክብደት እያዞራችሁ አውጡት፣ እሱ ከነበረ ክንዱን እየጎተተ ስሩ ላይ ያለችውን ስስ መሽከርከሪያ ያበላሻታል። ሳህኑን በሁለት እጅ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱት፣ አንዳንዱ መሃሉ ላይ በቀለበት የተያዘ ነው፣ እሱን በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አውጡ እንጂ በጉልበት እንዳትጎትቱ። ቺንጊያ ካለው ቺንጊያውን አውጥታችሁ ትንሽ ፌስታል ውስጥ አድርጉ። ሳህኑ ከኪሎ በላይ ሚመዝን ብረት ነው፣ ብቻውን ተጠቅልሎ ካርቶኑ ስር ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀመጣል፣ በእሱና በማጫወቻው መሃል ኮምፔንሳቶ ወይም ወፍራም ካርቶን ይግባ። መሃል ዘንጉ ላይ እንዳለ ከላካችሁት ግን በእያንዳንዱ ዝላይ ዘንጉን ይቀጠቅጠዋል፣ ክንዱ እንኳ ቢተርፍ ድምጹ ላይ ጉርምርምታ ይቀራል።

ክንዱን ማረፊያው ላይ አድርጋችሁ እሰሩት። በስኮች ግን አይደለም፣ ሙጫው ሲለቀቅ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። እኔ ቤት ውስጥ እናቴ ምትፈትለውን የጥጥ ክር ነው ምጠቀመው፣ ለስላሳ ነው አይቧጭርም፣ ሶስት ዙር ላላ አድርጌ ጠምጥሜ ጫፉን በስለት ሳይሆን በእጅ ሊፈታ በሚችል ቋጠሮ እጨርሰዋለሁ፣ ምክንያቱም ተቀባዩ ቢላ ይዞ እዛች ክንድ አጠገብ እንዲሄድ አልፈልግም። ብዙዎቹ የድሮ ማጫወቻዎች ደግሞ ሞተሩና ክንዱ ያረፉበት ክፍል በስፕሪንግ ላይ የተንሳፈፈ ነው፣ ለጉዞ ማጥበቂያ ብሎኖች አሏቸው፣ ላዩን ወይም ስሩን ፈልጉና አጥብቁት። ብሎኑ ከጠፋ በስፕሪንጉ ክፍልና በእንጨቱ ሳጥን መሃል ያለውን ክፍተት በስፖንጅ ቁራጭ ሙሉት። ክዳኑ ሁልጊዜ ተነቅሎ ለብቻው ይጠቀለላል፣ መጀመሪያ በንጹህ ያረጀ ነጠላ፣ ከዛ በስፖንጅ። ባለ አረፋውን ላስቲክ ቀጥታ ክዳኑ ወይም ቫርኒሹ ላይ አታድርጉት፣ የአባይ በረሃ ሙቀት ላይ የአረፋው ቅርጽ ታትሞ ይቀራል።

ባለ አምፖል ሬዲዮና አምፕሊፋየር ሌላ ጥንቃቄ አለው። ሶኬቱን ከነቀላችሁ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰው ሚጎዳ ኤሌክትሪክ ለሰዓታት ሊይዙ ይችላሉ፣ ስለዚ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይሰካ ይቆይ፣ ከዛም በኋላ ከስር ያሉትን ሽቦዎች በእጃችሁ አትንኩ፣ ካልለመዳችሁት ሬዲዮ ጠጋኝ ጥሩና እሱ ይክፈተው። አምፖሎቹን አንድ በአንድ ከመቀመጫቸው ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ፣ ከጎን ወደ ጎን በሃይል አትወዝውዙ። መስታወቱ ላይ ኢሲኤች 81፣ ኢኤፍ 89፣ ኢኤል 84 ሚል ጽሁፍ ታገኙበታላችሁ፣ በጣታችሁ አትሹት ይለቃል፣ ጽሁፉ ከጠፋ ደሞ የትኛው የት እንደነበር ማወቅ ከባድ ነው። ወረቀት ላይ መቀመጫዎቹን 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ሳሉና ያንኑ ቁጥር አምፖሉ መጠቅለያ ላይ ጻፉ። ለመጠቅለያ የሶፍት መሃል ያለችው የካርቶን ቱቦ አሪፍ ናት፣ አምፖሏን በስፖንጅ ከባችሁ ውስጧ ትከታላችሁ፣ ሁለቱን አፍ ትደፍናላችሁ። ማዞሪያ ቁልፎቹ ሚነቀሉ ከሆነ ንቀሏቸው፣ የጣቢያ ቁጥር ያለበት መስታወት ፊት ለፊቱ ወፍራም ካርቶን ይቁም ግን መስታወቱን አይጫነው። ድንጋይ ካለው ድንጋዩን አውጡ፣ ያረጀ ባትሪ ፈሳሹ ወጥቶ ብረቱን ይበላዋል። ትራንስፎርመር ያለበት ጎን ከባዱ ጎን ነው፣ እዛ ጋ ስፖንጁን እጥፍ አድርጉት፣ ካርቶኑ ላይም የቱ ወደ ታች እንደሚሆን በቀስት አሳዩ።

ስፒከር ሲሆን የፊቱን ጨርቅ አታውጡ፣ ከላዩ በወረቀቱ ኮን ልክ የተቆረጠ ካርቶን አስሩበት። ሁለት ከሆኑ ፊት ለፊት ተያይተው መሃላቸው ካርቶን ገብቶ ይታሸጉ። ካሴትና የሪል ቴፕ ክር ከስፒከር ጋር በአንድ ካርቶን አትላኩ፣ ማግኔቱ የተቀዳውን ድምጽ ሊያጠፋው ይችላል። ይሄን ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳዋል፣ የጠፋ ድምጽ ደሞ አይመለስም።

ሸክላዎቹንም አብራችሁ ከላካችሁ በሌላ ካርቶን ይሁን፣ አቁማችሁ ደርድሩ እንጂ አታጋድሟቸው። አምሃ ሪከርድስ በ1960ዎቹ ያወጣቸው ባለ 45 ዙሮቹ ትንንሾች ቪኒል ናቸው፣ ቶሎ አይሰበሩም ግን ሙቀት ያጣምማቸዋል፣ ስለዚ የመኪናው ሞተር ወይም ፀሐይ አጠገብ እንዳይቀመጡ ለጫኙ ንገሩት። የቆዩት ባለ 78 ዙሮቹ ግን ከሼላክ የተሰሩ ናቸው፣ እንደ ስማቸው ሸክላ ናቸው፣ ከእጅ ከወደቁ እንክት ነው ሚሉት፣ በያንዳንዳቸው መሃል ካርቶን ይግባ።

ካርቶኑ ሁለት ይሁን። እቃው ያለበት ትንሹ ካርቶን ከትልቁ ውስጥ ይገባል፣ በመሃላቸው በስድስቱም ጎን ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ይኑር። ለከባድ አምፕሊፋየር የውጪው የኮምፔንሳቶ ሳጥን ቢሆን ይሻላል፣ ግን በብሎን ይታሰር እንጂ በምስማር አይመታ፣ የመዶሻው ምት ራሱ እቃውን ይጎዳዋል። ከመታሸጉ በፊት አንሱትና በቀስታ ነቅንቁት። ውስጡ "ኳ" ካለ ፍቱትና ክፍተት ያለበት ቦታ ስፖንጅ ጨምሩ፣ ሁለት ሶስት ጊዜ መፍታት ቢያስፈልግም አይሰልቻችሁ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ካልቸገረ አትላኩ። ግድ ከሆነ የውስጠኛውን ካርቶን በላስቲክ ሸፍኑት፣ ከዛ በፊት ግን እቃው ደረቅ ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይቆይ፣ በተለይ ሐይቁ ዳር ያለ ቤት ወይም ከዘጌ በጀልባ የመጣ ከሆነ፣ እርጥበቱን አብራችሁ ካሸጋችሁት ላስቲኩ ውስጥ ሻጋታ ይሰራል። የጫማ ካርቶን ውስጥ ሚገኙትን ትንንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አጠራቅሙ፣ አራት አምስት ጣል አድርጉበት። መናኸሪያ ስታደርሱት የአውቶብሱ ጣራ ላይ እንዳይጫን ለምኑ፣ ቢቻል ሚሄድ ዘመድ ፈልጋችሁ እግሩ ስር ቢያስቀምጠው ነው ሚሻለው። በአውሮፕላን ከላካችሁም ተቀብሎ ሚጭነው እጅ ብዙ ስለሆነ ማሸጉን አታቅልሉት።

ወደ አሜሪካ ሚሄድ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። እኛ ጋ መብራቱ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው፣ እዛ 120 ቮልት 60 ኸርዝ። ጀርባው ላይ የቮልት መምረጫ ካለው የት ላይ እንዳለ ጻፉላቸው። ፍጥነቱ በመብራቱ ኸርዝ ሚወሰን ሞተር ያለው ማጫወቻ ደሞ እዛ 20 በመቶ ፈጥኖ ይዞራል፣ ቮልቱን መቀየሪያ ትራንስፎርመር ይሄን አያስተካክለውም፣ የሞተሩ ፑሊ መቀየር አለበት።

ብሎኖቹን፣ ቺንጊያውንና የአምፖሎቹን ስዕል ያለበትን ወረቀት አንድ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ የውስጠኛው ካርቶን ክዳን ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፉት፣ ሲከፈት መጀመሪያ እሱ እንዲታይ። ለተቀባዩም ደውሉ፦ ክሩን ሳትፈታ ክንዱን እንዳታነሳ፣ አምፖሎቹ ሁሉ ቁጥራቸው ላይ ሳይገቡ ሶኬቱን እንዳትሰካ፣ ካርቶኑንም እንዳትጥል፣ ለጥገና መመለስ ካስፈለገ በዛው ይመጣል።