ባይፖላር፦ «ዳነ» ብለን የሠራናቸው ስህተቶች

ታናሽ ወንድሜ አዳማ ውስጥ ባጃጅ ያሽከረክራል። ባይፖላር፣ ማለትም ማኒያ (ከልክ ያለፈ መነቃቃት) እና ድባቴ የሚፈራረቁበት የአእምሮ ሕመም፣ እንዳለበት ካወቅን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነን። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን እኛው ቤት ውስጥ ሠርተናቸዋል፤ ስለዚህ የምወቅሰው ሌላ ሰው የለም።

ትልቁ ስህተት ደህና ሲሆን መድኃኒቱን ማስቆም ነው። ከመጀመሪያው ማኒያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላም ነበር። እናቴ ኪኒኖቹን እያየች «ለጤነኛ ልጅ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ትል ነበር፤ ለፋሲካ ተወው። ክረምቱ ሳይገባ ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ቆይቶ ባጃጁን በግማሽ ዋጋ ለመሸጥ ሲስማማ ደረስንበት። ሊትየም የተባለው የባይፖላር መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ በጥቂት ወራት ውስጥ የማገርሸት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ማቆም ካስፈለገም ከሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ነው።

ሌላው እያንዳንዱን ማገርሸት ለብቻው የመጣ ዱብ ዕዳ አድርጎ ማየት ነው። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ኤሚል ክሬፔሊን ከ100 ዓመት በፊት፣ ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር በመካከል ያለው የጤና ጊዜ እያጠረ የሚሄድባቸው ሕመምተኞች እንዳሉ አስተውሎ ነበር። ኋላ ላይ አሜሪካዊው ሮበርት ፖስት አንድ ሐሳብ ጨመረ፦ የመጀመሪያዎቹ ማገርሸቶች ከባድ ጭንቀትን ተከትለው ይመጣሉ፤ የኋለኞቹ ግን ያለ ሰበብም ሊነሡ ይችላሉ። የወንድሜ የመጀመሪያው አባታችን ባረፈ ሰሞን ነው የመጣው። አራተኛው ሲመጣ ምንም አልነበረም፤ እኛ ግን «ማን አስቀየመው?» እያልን ሰው ስንጠረጥር ከረምን። ይህ መንገድ የሁሉም ሕመምተኛ አይደለም፤ ለዓመታት ሳያገረሽባቸው የሚኖሩ አሉ። ቢሆንም ሕክምናው መጥበቅ ያለበት ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንደሆነ ከዚህ ተረድቻለሁ።

ድባቴ ሲመጣ ስለ ቀድሞው ማኒያ ለሐኪም አለመናገርም አለ። ዓመታት በሄዱ ቁጥር ብዙ ሕመምተኞችን ረጅም ጊዜ የሚይዛቸው ድባቴው ነው። ሐኪሙ ያለፈውን ካላወቀ ለተራ ድባቴ የሚሰጠውን መድኃኒት ብቻውን ሊያዝ ይችላል፤ ያ ደግሞ ወደ ማኒያ ሊገፋ ይችላል። እኛ ያልተናገርነው አፍረን ነበር።

እንቅልፍን መናቅ። ለቅሶ ቤት ማደር፣ የሌሊት ሥራ፣ በተለይ ጫት። ወንድሜ አሁን ባለመስመር ደብተር ላይ በየጠዋቱ ለስንት ሰዓት ያህል እንደተኛ ይጽፋል። በተከታታይ ሁለት ቀን «4» ካየሁ ወደ ሐኪሙ እደውላለሁ።

ጸበልና ኪኒን ማጋጨት በኛ ቤት ቀርቷል፤ ኪኒኑን በጸበሉ ይውጠዋል።

የመጨረሻው ለአዳማ ሰው ነው፦ ሊትየም የሚወስድ ሰው ሙቀትን አቅልሎ ማየት የለበትም። ላብ፣ ተቅማጥ፣ ውኃ ሳይጠጡ መዋል በደም ውስጥ ያለውን የሊትየም መጠን ከፍ ያደርጉታል፤ ለራስ ምታት ከፋርማሲ የሚገዙት አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም እንዲሁ። በሕክምና ላይ በብዛት የሚፈለገው ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ስለሆነ ደሙ፣ ኩላሊቱና የታይሮይድ ዕጢው በየጊዜው መመርመር አለባቸው። እጁ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሰው፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።