የቫኒላ ሥር መበስበስና በሸዋ ሮቢት የሠራልኝ መፍትሔ

በሸዋ ሮቢት ጓሮዬ፣ በማንጎ ጥላ ሥር ያሉት የቫኒላ ሐረጎች ከክረምት በኋላ ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ፣ ግንዳቸውም እየተጨማደደ ሄደ። የሚያያቸው ሁሉ ውኃ ጠምቷቸዋል ይል ነበር። አፈሩን ገለጥ አድርጌ ስመለከት ግን ርጥብ ነው፤ የመሬቱ ሥሮች ቡናማ ሆነው በጣት ሲነኩ ልጣጫቸው ይላቀቅና ክር መሳዩ ውስጣቸው ብቻ ይቀራል፤ ከግንዱ ላይ በአየር የወጡት ሥሮች ግን ነጭና ጤነኛ ነበሩ።

ቫኒላ ኦርኪድ የሚባሉት የአበባ ተክሎች ወገን በመሆኑ፣ በመነሻው በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ደኖች ሥሩን የሚዘረጋው በረገፈ ቅጠል ንጣፍ ውስጥ እንጂ በጥልቅ አፈር አይደለም። ሽንኩርት የሚወደው የቦይ መስኖ ከጥቁር ዋልካ አፈር ጋር ሲገናኝ ሥሩን አየር ያሳጣዋል፤ ፉዛሪየም ለተባለው ፈንገስም በር ይከፍታል።

የበሰበሰውን ሥር በመድኃኒት ለማዳን መድከም ከንቱ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ጤነኛውን ግንድ በአልኮል በተጠረገ ቢላ አንድ ሜትር ያህል ቆርጬ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ለጥቂት ቀናት በጥላ አቆየሁት። ፈንገሱ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ቦታውን ቀየርኩ፤ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ የተከተፈ የማሽላ አገዳና የበሰበሰ ቅጠል ከምሬ፣ የታችኛዎቹን አንጓዎች ሳልቀብር አጋድሜ በስሱ ሸፈንኳቸው። ቦዩን አርቄ፣ ንጣፉ ላዩ ሲደርቅ ብቻ በጣሳ አጠጣለሁ። አሁን ከአንጓዎቹ ጫፋቸው አረንጓዴ የሆኑ አዳዲስ ነጭ ሥሮች ወጥተው ወደ ንጣፉ ገብተዋል።