ዘምቶ የቀረ ዘመድን የውትድርና መዝገብ እንዴት እንፈልግ?

አዳማ ውስጥ ዘማች ልጁ የውሃ ሽታ የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም። አንዱ በ1970 ካራማራ፣ ሌላው በ1980 አፍአበት፣ ሌላው በ1990 ባድመ ሄዶ ቀርቷል። መርዶ የለ፣ ተዝካር የለ።

ቤተሰብ ፍለጋ ሲነሳ ስም ብቻ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤት ይሮጣል። አበበ ከበደ የሚባል ወታደር ግን ስንት ነው? መዝገቡን የሚከፍትላችሁ የጦር ክፍሉን ማወቅ ነው።

ስለዚህ ከቤት ጀምሩ። የእናትን ሣጥን እስከ ታች ፈትሹ። ፎቶ ከተገኘ ጀርባውን ገልብጡት። «ለማስታወሻ» ከሚለው ሥር «ሁርሶ» ወይም «ታጠቅ» ተብሎ ከተጻፈ የሰለጠነበት ቦታ ታወቀ ማለት ነው። የደብዳቤውን ፖስታም አትጣሉ። የላኪ አድራሻው ላይ ብርጌዱ ወይም ሻለቃው ሊኖር ይችላል። ፎቶው ላይ በትከሻው የሚታየውን ማዕረግ የድሮ ወታደር ወዲያው ያነብላችኋል።

ቀጥሎ አብረውት የዘመቱትን ፈልጉ። ይህን ለነገ አትበሉ፤ የኦጋዴን ዘማቾች ዛሬ አዛውንት ናቸው። መጨረሻ መቼ፣ የት፣ ከእነማን ጋር እንዳዩት ጠይቁ። «አየሁ» ያሉትንና «ሰማሁ» ያሉትን ለይታችሁ ጻፉ። ቁስሉ እነሱም ላይ አለና አታጣድፏቸው።

ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ አስፍሩ፦ ስም እስከ አያት፣ የእናት ስም፣ የትውልድና የዘመቻ ዓመት፣ ማዕረግ፣ የጦር ክፍል፣ መጨረሻ የታየበት ቦታ። አድራሻውን በዘመኑ ስም ጻፉ። በደርግ ጊዜ አዳማ ናዝሬት ነበረች፤ ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ይረርና ከረዩ አውራጃ። «አዳማ» ተብሎ የታጣ ሰው «ናዝሬት» ሲባል ሊገኝ ይችላል።

ገጹን ይዛችሁ አዲስ አበባ፣ መከላከያ ሚኒስቴር አመልክቱ። ዝምድናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አድርጉና በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥር አስጽፉ። መልሱ «የለም» ቢሆንም በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ቀይ መስቀልንም አትርሱ። የጠፋ ቤተሰብ ፍለጋው በነጻ ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የጦር ምርኮኞችን እየጎበኘ ይመዘግባል። ሶማሊያ ውስጥ የቆዩት የኦጋዴን ምርኮኞች የተለቀቁት በ1980 ነው፤ አሥር ዓመት ያህል ቆይተው። የእናንተም ሰው ተማርኮ ከነበረ ስሙ በኮሚቴው መዝገብ ሊገኝ ይችላል። ቅጹ ላይ ዓመተ ምህረቱ የኛ ይሁን የፈረንጆች ለይታችሁ ጻፉ። የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነት ሌላ ሰው ያደርገዋል።

«እስር ቤት አይቼዋለሁ፣ ብር ላኩ» የሚል ስልክ ቢደወል አትላኩ። የእናት ልብ ላይ የሚነግድ ሰው አለ። ከቤተሰብ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ጠይቁት።

የውርስ ወይም የትዳር ጉዳይ ከተንጠለጠለ ደግሞ ፍርድ ቤት አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት ለ2 ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ እንዲወሰን ማመልከት ይቻላል። ይህ ተስፋ መቁረጥ አይደለም፤ ፍለጋው ይቀጥላል። ከመከላከያና ከቀይ መስቀል ያገኛችሁትን ደብዳቤ ከማመልከቻው ጋር አያይዙ።